ቀለብ የሌላት አስተርጓሚ

ዓዲላ የማሽላ ዱቄት የሞላ ቅል ተሸክማ በሾላው ሥር ስታልፍ፣ አስተርጓሚው ባቢከር ከእስረኛው ንግግር አብዛኛውን ትቶ ጥቂቱን ብቻ ሲናገር ሰማች። እግሯ ቆመ።

እስረኛው ሻዕባን የሚባል ወርቅ አጣቢ ነው። ከዳቡስ ወንዝ ዳር ከትናንት በስቲያ በጠፍር ታስሮ መጥቷል። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ድምፁም ከጉሮሮው በግድ ነው የሚወጣው። በቤርታ ቋንቋ ረጅም ነገር ተናግሮ ሲጨርስ ዳኛው ባላምባራስ ዘገየ ወደ አስተርጓሚው ዞሩ።

"ምን ይላል?"

"ጠመንጃውን ወስጄ ቤቴ ደበቅኩት ይላል፣ ጌታዬ።"

በዙሪያው የቆሙት ወታደሮች አጉረመረሙ። ዓዲላ ግን ሰውየው ያለውን ሁሉ ሰምታለች። ወታደሩን ውሃ ሲወስደው አየሁ፤ ረጅም ቀርከሃ ዘረጋሁለት፤ አሸዋው ላይ ሳወጣው ደረቱ በድንጋይ ተሰብሮ ነበር፤ ጠመንጃውን በእጁ ወደ እኔ ገፋው፤ ለማን እንደምሰጠው አላወቅሁም፤ ይዤው ብታይ ይገድሉኛል ብዬ ፈራሁና ወስጄ ቤቴ ደበቅኩት። ሰውየው ያለው ይህን ነበር። ባቢከር የተረጎመው የመጨረሻዎቹን ሦስት ቃላት ነው።

ባቢከር ክፉ ሰው አልነበረም። በወጣትነቱ ከነጋዴዎች ጋር ወደ ሱዳን እየወረደ አረብኛ ተምሯል። ጦሩ አሶሳ ከሰፈረ ወዲህ ደግሞ፣ ይኸው ሦስት ዓመቱ ነው፣ የግብርና የዳኝነት አማርኛ ለምዷል። ለዚህም ቀለብ ተቆርጦለታል፤ እህል፣ አቡጀዲና አሞሌ ጨው ይሰፈርለታል። በችሎት ቀን ሃያ ሠላሳ ባለጉዳይ በፊቱ ያልፋል። ዳኛው ረጅም ነገር አይወዱም፤ ፀሐዩም ይበረታል። ባቢከር ውሎ ሲያድር አሳጥሮ መናገር የሥራው ጥበብ መሰለው። ሲያሳጥር ደግሞ ማንም አልከሰሰውም፤ የሚከሰው ሰው ሁለቱንም ቋንቋ ማወቅ ነበረበት።

ዓዲላ ሁለቱንም ታውቅ ነበር። የቀጠራት ግን የለም።

ጦሩ በመጣበት ዓመት ዱቄት ልትሸጥ ሰፈሩ ስትገባ ከበደች የምትባል የወታደር ሚስት አገኘች። ከበደች ከመራቤቴ ባሏን ተከትላ የመጣች፣ የምታወራው ሰው ያጣች ሴት ነበረች። መጀመሪያ ቀን ወንፊቷን አንስታ "ወንፊት" አለቻት። ዓዲላ "ወንፊት" ብላ ደገመች። ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ሴቶች ዱቄታቸውን ሰፍረው ሲሄዱ እሷ ከከበደች ወፍጮ አጠገብ ትቀመጣለች። የዕቃውን ስም፣ የበሽታውን ስም፣ የልብሱን ስም፣ ሴት ስትቆጣ የምትለውን፣ እናት ልጅ ስታባብል የምትለውን ሁሉ ለቀመች። መንገድ ላይ ብቻዋን ስትሄድ ቃሉን እያገላበጠች ትለዋለች። የአካባቢው ሴቶች ሳቁባት። ባሏ ማህጁብም አንድ ቀን፣

"ባቢከር በአማርኛው ጨው ይበላበታል። አንቺ ምን ትበይበታለሽ?" ብሎ ጠይቋት ነበር።

"ምንም። ደስ ይለኛል።"

ማህጁብ ራሱን ነቅንቆ ትቷት ሄደ። ደስታን ምን ብሎ ይከራከረዋል?

አሁን በሾላው ሥር ባላምባራስ ዘገየ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሟቹ ወንድም ደረሰ ከፊት ቆሟል፤ ፀጉሩን ለሐዘን ተላጭቷል፤ ዓይኑ ከእስረኛው ላይ አልተነሣም። ሟቹ አድነው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ዳቡስን በበቅሎ ሲሻገር ነበር ደራሽ ውሃ የወሰደው። በቅሎዋ ከነኮርቻዋ ዋኝታ ወጣች። አድነው ግን አልወጣም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠመንጃው በሻዕባን ጎጆ ውስጥ በቆዳ ተጠቅልሎ፣ ሬሳውም ከጎጆው ብዙ ሳይርቅ ተቀብሮ ተገኘ። ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚፈልግ ሰው በሰፈሩ አልነበረም።

"የመጨረሻ ቃሉን ይስጥ" አሉ ዳኛው።

ሻዕባን ቀና አለ። በቤርታ ቋንቋ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ሰውየው ሳይሞት በፊት የነገረኝ ነገር አለ፤ ትርጉሙን አላውቀውም፤ ድምፁን ግን ይዤዋለሁ" አለ። ቀጥሎም፣ "ያናቴ ማቃናት፣ ኩርቻ ውስት፣ ላደርሳ" አለ።

ባቢከር የመጀመሪያውን አልሰማውም፤ ዝንብ ከፊቱ ሲያባርር ነበር። የኋለኛውን ሲሰማ ግን ሰውየው በተሰባበረ አማርኛ ምሕረት የሚለምን መሰለው። ወታደሮቹም የእስረኛውን አፍ አላዩም። ማንም እስረኛውን የሚያዳምጥ አልነበረም፤ የሁሉም ጆሮ ባቢከር ጋ ነበር።

"በእናቱ ይለምናል፣ ጌታዬ። ነገሩን አቃኑልኝ፤ ጉማውን ላድርስ ይላል።"

ጉማ የደም ካሣ ነው። ያልገደለ ሰው ጉማ አይከፍልም። ደረሰ በረጅሙ ተነፈሰ።

"አመነ ማለት ነው" አሉ ባላምባራስ። "እንግዲህ የሟቹ ወንድም ካሣውን ልቀበል ካለ ይቀበል፤ ደሜን ልመልስ ካለም..."

"ካሣ አልቀበልም" አለ ደረሰ። "ወንድሜን በካሣ አልሸጥም።"

ዓዲላ ግን ገና "ማቃናት" የሚለው ቃል ላይ ነበረች። ቃሉን ታውቀዋለች። እሷም ራሷ አንድ ክረምት ሙሉ እንደዚሁ አጣምማ ስትለው፣ ከበደች ሆዷን ይዛ ትስቅባት ነበር። ቃሉ "ማቃናት" አይደለም። ሻዕባን የሚባለውን ሰው አታውቀውም፤ ዘመዷም አይደለም፤ መንደሩም የትና የት ነው። ችሎት ውስጥ ሴት ሳትጠራ ስትናገር አይታ አታውቅም። ዝም ብትል የሚወቅሳት የለም። ቅሏን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ከበደች አንድ ቀን እየሣቀች ያስተማረቻትን፣ ይህን ያለ ሰው ሳይደመጥ አይባረርም ያለቻትን ቃል ተናገረች።

"በንጉሥ አምላክ።"

ሁሉም ዞረ። አንድ ዘበኛ ክንዷን ያዛት።

"ተዋት" አሉ ባላምባራስ። "የንጉሡን ስም ጠርታለች። ምንድን ነው፣ አንቺ ሴት?"

"ጌታዬ፣ አንቺ ስሚኝ" አለች ዓዲላ።

ወታደሮቹ በሣቅ ፈረሱ። ዓዲላ ምን እንዳሣቃቸው አልገባትም። አማርኛ ያወራችው ከአንድ ሴት ጋር ብቻ ነበርና ለወንዱም ለሴቱም አንድ አድርጋ ነው የምትናገረው። ባላምባራስ ግን አልሣቁም።

"ከሴት ነው የተማረችው። ዝም በሉ" አሉ። "ቀጥይ።"

"ሻዕባን ጉማ አላለችም። ባቢከር ያልተባለ ተናገረች። ሻዕባን ብዙ አለች፣ ባቢከር ትንሽ አለች።"

ባቢከር ፊቱ ተለዋወጠ። "ጌታዬ፣ ይህች ዱቄት ሻጭ ናት። አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ቀለብ የተቆረጠልኝ እኔ፣ የማልኩት እኔ። እሷን ማን ሾማት?"

"እውነቱን ነው" አሉ ባላምባራስ። "ማስተርጎም ሥራሽ ነው?"

"ሥራ አይደለም። ሥራ ዱቄት ነው። ቋንቋ እወዳለሁ።"

"ስለ ወደድሽው በሰው ነፍስ ጉዳይ ትገቢያለሽ?"

ዓዲላ ቃል ፈለገች። ስታጣ ጥቂት ቆየች፤ ከዚያ አገኘችው።

"ስለ ወደድኩ ሰማሁ። ባልወድ አልሰማም ነበር።"

ባላምባራስ ጭራቸውን ከጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። "በይ ያለውን ንገሪኝ" አሉ በመጨረሻ። "ከዋሸሽ ግን ከሱ ጋር ትታሰሪያለሽ።"

ዓዲላ ወደ ሻዕባን ቀረበችና በገዛ ቋንቋቸው ተናገረችው።

"ወንድሜ፣ ሰውየው የነገረህን እንደገና በለው። አትቸኩል። አንድ ድምፅ አትጨምር፣ አንድ ድምፅ አትቀንስ።"

"ትክክል ይዤው እንደሆነ አላውቅም" አለ ሻዕባን። "ዱዓ መስሎኝ ነበር። ሰው ሊሞት ሲል የሚለው ሌላ ምን አለ? እንዳይጠፋብኝ በየቀኑ እለዋለሁ። ሚስቴ ኸድራም አጥንታዋለች፤ እኔ ስረሳ እሷ ታስታውሰኛለች።"

ዓዲላ ይህን አንድም ሳታስቀር በተሰባበረ አማርኛዋ ለዳኛው ተረጎመች። ጊዜ ወሰደ። ማንም አልሣቀም። ከዚያ ወደ ወታደሮቹ ዞረች።

"አሁን እኔን አትዪ። ባቢከርን አትዪ። የሻዕባን አፍ እዪ።"

ሻዕባን ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ሕፃን ተማሪ እየቆጠረ አወጣው።

"ያናቴ... ማቃናት... ኩርቻ ውስት... ላደርሳ።"

"ማቃናት አይደለም" አለች ዓዲላ። በሁለት እጇ ወገቧን ከበበች፤ የሌለ ነገር አዞረች፤ ቋጠረችው። "ሴት እዚህ የምታስር። ከበደች አላት። መቀነት። የእናቴ መቀነት። ኩርቻ አይደለም፣ ኮርቻ፤ በቅሎ ላይ ያለው። የእናቴ መቀነት፣ ኮርቻ ውስጥ፣ ለደረሰ።"

ደረሰ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ። ሰው የመታው ይመስል ነበር።

"ምን አለች?" አለ።

"ለደረሰ" አለች ዓዲላ እንደገና። "ደረሰ ሰው ነው? እኔ አላውቅም።"

እውነትም አታውቅም ነበር። ያን ቀን ጠዋት ወደ ሰፈሩ ስትመጣ ሟቹ ማን እንደሆነ፣ ወንድም እንዳለውም አልሰማችም። ባላምባራስ ይህን ከፊቷ አነበቡት። ቀስ ብለው ወደ ደረሰ ዞሩ።

"የእናታችሁ መቀነት የት ነው?"

ደረሰ ዓይኑን ከእስረኛው ላይ አነሣ። "እናታችን ካረፈች ወዲህ ጠፍቷል፣ ጌታዬ። ለመታሰቢያ ለኔ ይሁን ብላ ነበር። አድነው ሸጦ የጠጣበት መሰለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አኩርፌዋለሁ። አንድ ጦር ውስጥ እየኖርን ሰላም አንባባልም ነበር።"

"ኮርቻውስ?"

"በቅሎዋን እኔ ነኝ የምጋልባት። እዚያ ታስራለች።"

ኮርቻው ወረደ። ደረሰ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀደም። ተንበርክኮ ከሥሩ ያለውን ቆዳ በጩቤው ጫፍ ፈታው፤ ስፌቱ ከሌላው ስፌት የተለየ፣ ወንድ በችኮላ የሰፋው ነበር። ጭዱን መዘዘ። ከጭዱ ሥር እጁ ቆመ። ከዚያ ቀስ እያለ ሳበው፤ ጥለቱ የደበዘዘ፣ በውሃ ቢጫ የሆነ ረጅም መቀነት፣ ክንድ ከክንድ እየተከታተለ ወጣ። አላልቅ አለ። ደረሰ እስከ መጨረሻው ስቦ ሁሉንም ጭኑ ላይ ሰበሰበውና ፊቱን ቀበረበት።

ባቢከር ጥምጣሙን አውልቆ በእጁ ይዞ ነበር።

ደረሰ ሲነሣ ወደ ሻዕባን ሄደ። ዘበኞቹ ሊያስቆሙት አሰቡና ተዉት። በጩቤው የእስረኛውን ጠፍር በጠሰው። ከዚያ ወደ ዓዲላ ዞረ።

"ጠይቂልኝ፣ እቴ። ሲሞት ብቻውን ነበር?"

ዓዲላ ጠየቀች። ሻዕባን የተላጠ እጁን እያሻሸ መለሰ፤ እሷም አንድ በአንድ ተረጎመች። "ብቻ አልነበረችም ትላለች። ጭንቅላቷ እኔ ጉልበት ላይ ነበር። ፀሐይ እስክትገባ ውሃ በእጄ አጠጣኋት። ጅብ እንዳይበላት ቀበርኳት። የናንተ ሰው እንዴት እንደሚቀበር አላውቅም፤ የኛን ሰው እንደምቀብር ቀበርኳት። ጥፋት ከሆነ ይቅር በዪኝ ትላለች።"

ደረሰ ጎንበስ ብሎ የሻዕባንን ጉልበት ሊስም ሲል ሻዕባን ደንግጦ ትከሻውን ይዞ አነሣው። ሁለቱም በየቋንቋቸው ተናገሩ። ዓዲላ ለመተርጎም አፏን ከፈተችና ተወችው፤ ተግባብተዋል።

"ነጻ ነው" አሉ ባላምባራስ ዘገየ። "በእግሩም አይሄድም። ደረሰ፣ በበቅሎህ አገሩ ድረስ ታደርሰዋለህ።"

"አደርሰዋለሁ፣ ጌታዬ። የወንድሜን መቃብርም ያሳየኛል።"

ሻዕባን የበቅሎዋ ጀርባ ላይ ሲወጣ ለችሎቱ ከመጡት ቤርታዎች ወገን እልልታው ቀለጠ። ከወታደሮቹ ሰፈርም ከበደች ሊጥ የነካው እጇን ሳትታጠብ እየሮጠች መጣች፤ የሰማችው መንገድ ላይ ነው። ዓዲላን በሁለት እጇ አቅፋ ያዘቻት።

"ዳኛውን አንቺ አልሻቸው አሉኝ።"

"ምን ማለት ነበረብኝ?"

"እርስዎ። አላስተማርኩሽም፤ ጥፋቱ የኔ ነው" አለች ከበደች፣ እያለቀሰችም እየሣቀችም።

ዓዲላ ቅሏን ስታነሣ ባላምባራስ አስጠሯት። ከሚቀጥለው ችሎት ጀምሮ በባቢከር ቦታ እንድትቀመጥ፣ እህል፣ ጨርቅና አሞሌ እንዲሰፈርላት አዝዣለሁ አሏት። ዓዲላ ምድር ምድሩን አየች።

"እስከ ሐሙስ ላስብ፣ እርስዎ" አለች።

ባሏ ማህጁብ ወሬው ቀድሟት ስለነበር ቤት ስትገባ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። "እኔ ነኝ ምን ትበይበታለሽ ያልኩሽ። ይኸው በላሽበት" አላት። ደስታው ፊቱን ሞልቶታል። "ትቀበያለሽ አይደል?"

"አንተ ብትሆን?"

"እኔማ ዓይኔን አላሽም።"

ዓዲላ ግን ሁለት ቀን አሰበች። በየችሎቱ ሠላሳ ሰው። ሠላሳ እዳ፣ ሠላሳ ድንበር፣ ሠላሳ የፍየል ክስ፤ ሁሉም ዛሬውኑ፣ ሁሉም ቶሎ። ባቢከርም ሲጀምር እንደሷ ይሰማ እንደነበር ታስታውሳለች። ከዓመታት በፊት በገበያ ስለ አንድ የአረብኛ ቃል ግማሽ ቀን ሲያጫውታት፣ ዓይኑ ሲያበራ አይታዋለች። ያን ዓይን ካየችው ቆይቷል። ደግሞም ያ ብርሃን የጠፋው ከክፋት እንዳልሆነ ገብቷታል።

ረቡዕ ጠዋት ዓዲላ ከከበደች ጋር ወፍጮው አጠገብ ተቀምጣ ሳለች ባቢከር መጣ። በወታደሮቹ ሰፈር ወዳለው የሴቶች ወፍጮ ቤት ከዚህ ቀደም መጥቶ አያውቅም። ደጃፉ ላይ ቆሞ በቤርታ ቋንቋ ሰላምታ ሰጠ። ነጭ ነገር በብብቱ ይዟል።

"ነገ መልስ ትሰጪያለሽ አሉ" አላት።

"አዎ።"

"ተቀበይ። ቅር አይለኝም።" ቅር እንደሚለው ድምፁ ይናገራል። "ሰውየውን ላስገድለው ነበር፣ ዓዲላ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ከሱ በፊት የነበሩትን እያሰብኩ ነው። ስንቱን አሳጥሬያለሁ?"

ዓዲላ እውነት ነውና ልታባብለው አልፈለገችም።

"መቀነት የሚለውን ቃል ሰምቼው አላውቅም" አለ ባቢከር። "የኔ አማርኛ ጠመንጃ፣ ግብር፣ እስራት፣ ዋስ ነው። ማን መቀነት ይለኛል? ሌላስ ምን የማላውቀው አለ?"

"ብዙ አለ። እኔም የማላውቀው ብዙ ነው።"

ባቢከር ብብቱ ውስጥ የያዘውን አውጥቶ ከፊቷ አስቀመጠ። ሁለት አሞሌ ጨው ነበር፣ በሣር የተጠቀለለ፣ ጥጉ ያልተነካ። "ያስተማረ ይከፈለዋል። ሥራውን ብትቀበዪም ባትቀበዪም አስተምሪኝ። ሲያልቅ ሌላ አመጣለሁ።"

ከበደች በቤርታ የሚሉት ባይገባትም ጨውን አይታ ገባት፤ ዓዲላን ቀና ብላ አየቻት። ለሁለት ወር የሚበቃ ጨው ነው።

ዓዲላ አሞሌዎቹን አንድ በአንድ አነሣች። ሣራቸውን አስተካክላ መልሳ ባቢከር እጅ ላይ አኖረቻቸው።

"ነገ ለዳኛው፣ ባቢከር ቦታው ላይ ይቀመጥ፤ የሰው ነፍስ ጉዳይ ሲሆን ግን ጥሩኝ፣ ቀለብ አልፈልግም እላቸዋለሁ" አለችው። "አንተ ደግሞ ጨውህን ለልጆችህ ውሰድ። ነገ ከችሎቱ በፊት ባዶ እጅህን ና።"

ባቢከር ጨውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ጫማውን አውልቆ ገባና፣ ሴቶቹ ከሚቀመጡበት ዝቅ ብሎ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ።

"ከዛሬ ብንጀምርስ?" አለ።

ዓዲላ ከወፍጮው ላይ በእጅ የሚገፋውን ድንጋይ አንስታ ጉልበቱ ላይ አኖረችለት።

"መጅ" አለችው።